የብዕር ወንፈል

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ወረዳዎች፣ በዳባትም ሆነ በደባርቅ፣ የገብስ አጨዳ ሲደርስ ገበሬ ብቻውን ማሳው ውስጥ አይገባም። ዛሬ ጎረቤቱ ለእርሱ ያጭድለታል፤ ነገ እርሱ በተራው ለጎረቤቱ ያጭዳል። ይህ የሥራ ልውውጥ ወንፈል ይባላል። በወንፈል የገባ ጉልበት እንደ ብድር ነው፤ የተበደረ ይከፍላል፤ የከፈለም መልሶ ይበደራል። ከዚህም የተነሣ ለአንድ ሰው የብዙ ቀን ሥራ የሚሆነው ማሳ በአንድ ቀን ታጭዶ ይከመራል።

የጽሕፈት ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ተደርጎ ይታሰባል። ጸሓፊ ሲባል በአእምሮአችን የሚሣለው ከሰው ተለይቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከብዕሩና ከወረቀቱ ጋር የሚታገል ሰው ነው። በትምህርት ቤትም ድርሰት ለብቻ የሚጻፍ፣ ለብቻ የሚታረም፣ ለብቻም የሚረሳ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። እኔ ግን በመምህርነት በኖርሁባቸው ዓመታት ጽሕፈትም እንደ አጨዳው ሁሉ ወንፈል የሚያስፈልገው መሆኑን ተረድቻለሁ። ወደዚህ እምነት ያደረሰኝን ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የድርሰት ትምህርት የሚሰጥበት መንገድ ለሁላችሁም የታወቀ ነው። መምህሩ «የትምህርት ጥቅም» ወይም «ከከተማና ከገጠር ኑሮ የትኛው ይሻላል?» የሚል ርእስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ተማሪው በ40 ደቂቃ ውስጥ አንድ ገጽ ሞልቶ ያስረክባል። መምህሩ በቀይ ቀለም አርሞ፣ ነጥብ ሰጥቶ ይመልሳል። ተማሪውም ነጥቡን አይቶ ደብተሩን ያጥፋል። በዚህ ሁሉ መካከል በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ነገር ለማወቅ ፈልጎ ያነበበ አንድም ሰው የለም። መምህሩ ያነበበው ስሕተት ለመፈለግ ነው፤ ተማሪውም የጻፈው ስሕተት እንዳይገኝበት ነው። ስሕተት እንዳይገኝበት ብቻ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የሚመርጠው ማንም የማይቃወመውን፣ ነገር ግን ማንም የማይፈልገውን ሐሳብ ነው። «ትምህርት ለሰው ልጅ ዐይን ነው» ብሎ የጀመረው ድርሰት «ስለዚህ ሁላችንም መማር አለብን» ብሎ ይፈጸማል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውንም ማንኛውም ተማሪ ሊጽፈው በቻለ ነበር።

በዚህ ነገር መምህሩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። እስቲ ቁጥሩን አስቡት። 5 ክፍሎችን የሚያስተምር፣ በየክፍሉም 60 ተማሪዎች ያሉት መምህር 300 ደብተር ይሰበስባል። ለእያንዳንዱ ደብተር 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 1,500 ደቂቃ፣ ማለትም 25 ሰዓት ያስፈልገዋል። ይህም ከማስተማሪያው ሰዓት ውጭ የሚገኝ ጊዜ መሆን አለበት። ስለዚህ መምህሩ በዓመት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ድርሰት ለማጻፍ ይገደዳል። ዋና የሚማር ልጅ በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ውኃ ውስጥ ቢገባ ዋናተኛ ይሆናልን?

የዚህ ዕዳ የሚከፈለው ዘግይቶ ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፈው ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ወደ ጀመረው ወደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ወጣቶች ገና በመጀመሪያው ዓመት ሐሳባቸውን በጽሑፍ አደራጅተው እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ብዙው ተማሪ ያን ጊዜ የቸገረው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው የቋንቋው ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድን ነገር ለማያውቀው ሰው በጽሑፍ የማስረዳት ችግር ነው። ይህን ሁለተኛውን ክሂል በአፉ በፈታበት ቋንቋ ያልተለማመደ ሰው በሌላ ቋንቋ በድንገት ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ የኮሌጅ ጽሕፈት የሚጀመረው በኮሌጅ አይደለም፤ እናንተ አሁን ባላችሁበት በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የጻፉትን ለሰው አቅርቦ በሰው አስተያየት ማረም ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ለእኛ ሀገር ትምህርት የቆየ ልማድ ነው። በቅኔ ቤት የሚማር ተማሪ ቅኔ ለመቁጠር ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል። ይህ የብቸኝነት ጊዜው ነው። ይሁን እንጂ የቈጠረውን ይዞ ይመለሳል። ለመምህሩ ወይም በትምህርት ለሚበልጠው ለአስነጋሪው ይናገራል። ምሥጢሩ የላላ ወይም ቤቱ የተሰበረ እንደ ሆነ እዚያው ይታረማል። ያማረ እንደ ሆነ «ይበል!» ይባልለታል። ጀማሪው 2 ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ 8 ቤት እስካለው እስከ መወድስ የሚደርሰው በዚህ ዐይነት ነው። ሰሚ ያላገኘ ቅኔ በቅኔ ቤት ቦታ የለውም።

ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ማእከል በነበረችበት ዘመን የዳበረው የአንድምታ ትርጓሜም እንዲሁ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መምህራን አንዱን ቃል በአንድ መንገድ ይፈቱታል፤ ከዚያም «አንድም» ብለው ሌላውን ፍቺ ያስከትላሉ። የኋለኛው ፍቺ የፊተኛውን አይሰርዘውም፤ ከጎኑ ይቆማል። ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ወገኖች ያቆዩልን ውርስ ይህ ነው። እንግዲህ ከቅኔ ቤት የምናገኘው ትምህርት በሰሚ ፊት መቆምን ነው። ከአንድምታው የምናገኘው ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር ለሁለት አንባቢዎች ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል ማወቅን ነው። ለጸሓፊ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚበልጥ ስንቅ የለም።

በሌላው ዓለምም ወደዚሁ ሐሳብ የደረሱ መምህራን አሉ። ከእነዚህም አንዱ ፈረንሳዊው ሰሌስታን ፍሬኔ ነው። ፍሬኔ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው በመቍሰሉ ለረጅም ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 በደቡብ ፈረንሳይ ባር ሲር ሉ በምትባል አነስተኛ የገጠር ከተማ መምህር ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አነስተኛ የእጅ ማተሚያ ወደ ክፍሉ አስገብቶ፣ ልጆቹ የጻፉትን ራሳቸው ፊደል እየለቀሙ እንዲያትሙት አደረገ። ከዚያም በሌላው የሀገሪቱ ዳርቻ፣ በብሪታኒ የባሕር ጠረፍ ትሬገን በምትባል ከተማ ከሚማሩ ልጆች ጋር ጽሑፋቸውን በፖስታ ይለዋወጡ ጀመር። የደጋው ልጅ ለባሕሩ ልጅ ሲጽፍ ነጥብ አያስብም። የሚያስበው «ይህ ልጅ የእኛን ኮረብታ አይቶት አያውቅም፤ እንዴት አድርጌ ላሳየው?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ኬኔት ብሩፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ለፈጸሙ ሁሉ በሩን በከፈተ ጊዜ፣ ጽሕፈት የሚቸግራቸው ብዙ ወጣቶች ወደ ኮሌጅ ገቡ። የዩኒቨርሲቲው አካል በሆነው በብሩክሊን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ብሩፊ አንድ ነገር አስተዋለ። እነዚህ ወጣቶች መምህራን ሊረዷቸው ሲሞክሩ ይሸሻሉ፤ ከእኩዮቻቸው የሚመጣውን እርዳታ ግን ይቀበላሉ። ስለዚህ ተማሪዎች ለተማሪዎች የጽሕፈት ረዳት እንዲሆኑ አሠለጠነ። ረዳቶቹም በመርዳታቸው ራሳቸው ተጠቀሙ። ብሩፊ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ሐሳብ ማለት ወደ ውስጥ የገባ ጭውውት መሆኑን፣ ጽሑፍም ያ ጭውውት ተመልሶ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚገኝ መሆኑን አስረድቷል። ከሰው ጋር ስለ ጽሑፉ ተጨዋውቶ የማያውቅ ሰው ለብቻው ሲቀመጥም ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ነገር ያጥረዋል ማለት ነው።

እኔ በ2009 ዓ.ም. ደባርቅ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ማተሚያ አልነበረንም። የነበረን የክፍሉ የኋላ ግድግዳ ነው። ተማሪዎቹን በአራት በአራት ከፋፈልኋቸው። እያንዳንዱ ተማሪ በየሁለት ሳምንቱ የራሱን አንድ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ሦስቱ ጓደኞቹ ያነቡለታል፤ ከታረመ በኋላ በሰፋፊ ወረቀት ተገልብጦ በግድግዳው ጋዜጣ ላይ ይለጠፋል። ከእኔ ጋር በመምህራን ማሠልጠኛ የተማረ አንድ ባልደረባዬ በዚያን ጊዜ ዳባት ያስተምር ነበር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ በዳባት በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ ወረቀቶቹን ጠቅልለን በሚኒባስ እንልክለታለን። የእርሱ ተማሪዎችም በኅዳጉ ላይ ጥያቄያቸውን ጽፈው፣ ከራሳቸው ጽሑፍ ጋር ይመልሱልናል።

ለንባቡ አራት ደንቦች ነበሩን። አንደኛ፣ አንባቢው ከሁሉ አስቀድሞ ከጽሑፉ የተረዳውን በራሱ ቃል ይናገራል። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቃል እንጂ «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» አይልም። ሦስተኛ፣ የፊደልና የሥርዐተ ነጥብ እርማት የሚደረገው ሐሳቡ ከጠራ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። አራተኛ፣ ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ የሚወስነው ጸሓፊው ራሱ ነው፤ ያለ ጸሓፊው ፈቃድም ምንም ጽሑፍ አይለጠፍም።

የመጀመሪያውን ደንብ ጥቅም ያየነው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አንድ የገጠር ልጅ ስለ ቤታቸው ሲጽፍ «ማታ ማታ ፍየሎቻችን በጋጣ ውስጥ ይበላሉ» አለ። የከተማው ልጅ አነበበና የተረዳውን በራሱ ቃል ሲናገር፣ «እናንተ ዘንድ ማታ ማታ ፍየል እየታረደ ይበላል» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። ጸሓፊው ግን ግራ ገባው። እርሱ የጻፈው ፍየሎቹ ድርቆሽ እንደሚበሉ ነበር። «ይበላሉ» የሚለው ቃል ውስጥ «በ» እና «ላ» ላልተው ሲነበቡ ፍየሎቹ በሊዎች ናቸው፤ ጠብቀው ሲነበቡ ግን ተበሊዎች ናቸው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። ጸሓፊው የገዛ ድምፁን በጆሮው እየሰማ ስለሚያነብ ሁለተኛውን ንባብ መቼም አያገኘውም። ያን ንባብ ሊያገኝለት የሚችለው ሌላ ሰው ብቻ ነው። ልጁም ዐረፍተ ነገሩን «ማታ ማታ ለፍየሎቻችን በጋጣ ውስጥ ድርቆሽ እንሰጣቸዋለን» ብሎ አስተካከለው። እኔ ስለ ገቢርና ተገብሮ ግሥ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ባስተምር ይህን ያህል አይገባቸውም ነበር።

ከዚያ የሚከብደው ግን የሐሳብ እርማት ነው። ለዚህም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም ሰፈራ፣ እርሻና ግጦሽ ፓርኩን እያጣበቡት፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮም እየተመናመኑ በመሄዳቸው በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚህ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ በፊት ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ተነሥቶ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ እንዲሰፍር መደረጉ ነው። ይህም የተፈጸመው በ2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት በእኔ ክፍል ውስጥ ቤተሰቧ ከግጭ የተነሣ አንዲት ልጅ ነበረች። በእርስዋ ምድብ ውስጥ ደግሞ አባቱ በፓርኩ የጥበቃ ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር ስካውት የሆነ አንድ ልጅ ነበር። ምድቡ የተደለደለው በስም ተራ ስለ ነበር ይህን ማንም አላሰበበትም።

ልጅቱ መጀመሪያ የጻፈችው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ተፈጥሮ ለሰው ልጅ እናት ናት። እናትን መንከባከብ ይገባል። እኛም ከመንደራችን ስንነሣ አዝነን ነበር። ሆኖም ለሀገር ጥቅም ስለሆነ ተደስተናል።» በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነጥብ ታገኝበት ነበር። የስካውቱ ልጅ ግን በደንባችን መሠረት ጠየቃት። «ያዘነው ማን ነው? አንቺ ነሽ ወይስ አባትሽ? ማዘኑን በምን ዐወቅሽ? ደግሞስ አዝነናልም ተደስተናልም ትያለሽ፤ የትኛውን ልመን?» ጥያቄው ከማን እንደ መጣ ልጅቱ ታውቃለች። በዚያን ቀን መልስ ሳትሰጥ ደብተሯን ሰብስባ ሄደች።

በሳምንቱ ይዛ የመጣችው ጽሑፍ ግን ሌላ ነበር፦ «ከግጭ የተነሣን ዕለት አያቴ የቤታችንን በር ከመቃኑ አስነቅላ በበቅሎ ላይ አስጫነችው። አባቴ ደባርቅ በር ይሸጣል አላት። አልመለሰችለትም። አዲሱ ቤታችን የቆርቆሮ በር አለው። የአያቴ በር ከጓዳው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የምድጃው ጢስ ሽታ ገና አልለቀቀውም፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይበረታል።» «ማዘን» የሚለው ቃል በዚህ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጻፈም። ያላዘነ አንባቢ ግን አልነበረም።

የስካውቱ ልጅ በበኩሉ ስለ አባቱ ጻፈ። አባቱ ሌሊቱን በገደሉ ጫፍ በብርድ አድሮ ሲመለስ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት እንደሚያቅተው፣ እናቱ እንደምትፈታለት፣ አባቱም «ዋልያ ከዚህ ከጠፋ በሌላ ሀገር አይገኝም» እንደሚል ጻፈ። አሁን የመጠየቅ ተራው የልጅቱ ነበር። ጥያቄዋም አንድ ብቻ ነበር፤ «አባትህ ግጭ ሲነሣ ምን አለ?» ልጁ አላወቀም። ወደ ቤቱ ሄዶ አባቱን ጠየቀ። አባቱ በጥበቃ ላይ ዝናብ ሲመታው የሚጠለለው በግጭ ቤቶች ውስጥ እንደ ነበረ፣ የገብስ ዳቦ ያልሰጠው ቤት እንዳልነበረ፣ በመነሻውም ቀን ዕቃ ሲያስጭን እንደ ዋለ ነገረው። ይህም የጽሑፉ የመጨረሻ አንቀጽ ሆነ።

ሁለቱ ጽሑፎች በግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ተለጠፉ። ግጭ መነሣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም በሚለው ጥያቄ ላይ ሁለቱ ልጆች እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። እንዲስማሙም አልተጠየቁም። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ነገር ሳያውቅ መከራከር እንደማይችል ሁለቱም ዐወቁ። ሙግት የሚባለው የድርሰት ዐይነት ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም።

ወረቀቱ ዳባት ደርሶ ሲመለስ በኅዳጉ ላይ ጥያቄዎች ተጽፈውበት ነበር። «ግጭ ከደባርቅ የስንት ሰዓት መንገድ ነው?» «ብርዱ ከዳባት ብርድ ይበልጣልን?» የሚሉ ነበሩ። እኛ ደባርቅ ያለን ሁሉ የምናውቀውን ነገር ልጅቱ አለመጻፏን ያን ጊዜ ተረዳን። ቅርብ ያለ አንባቢ ጸሓፊው የደበቀውን ያወጣል፤ ሩቅ ያለ አንባቢ ደግሞ ጸሓፊው የዘለለውን ያስሞላል። ከጥያቄዎቹ በታች አንድ የማናውቀው እጅ እንዲህ የሚል ጽፎ ነበር፤ «በሩ ሲተከል ጻፉልን።»

ይህን አሠራር የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። የመጀመሪያው ነቀፋ «ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ይወድቃሉ» የሚል ነው። ተማሪ የማያውቀውን እንዴት ያርማል? ለዚህ መልሱ፣ ጓደኛ የሚፈለገው ለዳኝነት አይደለም፤ ለአንባቢነት ነው የሚል ነው። «ይህ አልገባኝም» ለማለት የሰዋስው ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የመምህሩም ሥራ አይቀርም። 300 ተማሪዎች በአራት በአራት ሲደለደሉ 75 ምድብ ይሆናሉ። መምህሩ በየተራው ከእያንዳንዱ ምድብ አንድ ጽሑፍ ቢያርም የሚወስድበት ጊዜ 375 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ያውም የሚያርመው ሦስት ሰዎች ያነበቡትንና የጠራውን ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ በምድብ ሥራ አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይቀመጣሉ የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት በየትምህርት ቤቱ በነበረው በአንድ ለአምስት አደረጃጀት፣ በአንዳንድ ክፍሎች ጎበዙ ልጅ የሠራውን አራቱ ሲገለብጡ አይቻለሁ። ነገር ግን ወንፈል እንዲህ አይደለም። በወንፈል ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ማሳ አለው። ማሳ የሌለው ሰው ወንፈል አይገባም። ስለዚህ አራት ተማሪዎች አንድ ድርሰት አይጽፉም፤ አራቱም የየራሳቸውን ጽፈው ይነባበባሉ እንጂ።

ሦስተኛው ጉዳይ ይሉኝታ ነው። የጓደኛን ጽሑፍ መንካት ጓደኛን መንካት ይመስለናል። ስለዚህ «በጣም ቆንጆ ነው» ብለን እንመልሳለን። ይህ ግን ማክበር አይደለም፤ አለማንበብን መሸፈን ነው። አንድን ጽሑፍ ከልብ ያነበበ ሰው ጥያቄ አያጣም። ከዚህ በተቃራኒ ማሾፍ ደግሞ የከፋ ነው። አንድ ጊዜ የተሾፈበት ተማሪ ዳግመኛ እውነተኛ ነገር አይጽፍም፤ ወደ «ተፈጥሮ እናት ናት» ይመለሳል።

ያች ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ደብዳቤ ጽፋልኛለች። በመጀመሪያው ዓመት በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፉ ሲባሉ የቃላት እጥረት እንደ ገጠማት፣ ይሁን እንጂ አንድ ዐረፍተ ነገር በጻፈች ቁጥር «ያዘነው ማን ነው? በምን ዐወቅሽ?» የሚል ድምፅ ይሰማት እንደ ነበረ ገልጣልኛለች። የጎደሏትን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ልታገኝ ትችላለች። ያን ድምፅ ግን ከመዝገበ ቃላት ማንም አያገኘውም። በ10ኛ ክፍል ከአንድ ጓደኛዋ የተበደረችው ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ለጓደኞቻችሁ ትጽፋላችሁ። አንባቢ አለንና ጸሓፊዎች ነን ትሉ ይሆናል። ነገሩ መልካም ነው፤ ዳባትና ደባርቅን ለማገናኘት ዛሬ ሚኒባስ መጠበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ቶሎ የተላከ ጽሑፍ ቶሎ ይታለፋል። ወንፈል የሚሆነው አንባቢው ቆም ብሎ ሲጠይቅ፣ ጸሓፊውም ወደ ጽሑፉ ተመልሶ ሲያርም ነው።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ድርሰት ስትጽፉ ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ለአንድ ሰው አስነብቡት። የተረዳውን በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ ስትሰሙም ለመከላከል አትቸኩሉ። ከዚያም ተመልሳችሁ ጻፉ። የተበደራችሁትንም ንባብ በተራችሁ መክፈልን አትርሱ።

መልመጃ

1. ጸሓፊው ወንፈልን ከድርሰት ጋር ያነጻጸረው በምን በምን ረገድ ነው? በምንባቡ ውስጥ ከሚገኙት ነጥቦች ሁለቱን ጥቀሱ።
2. የልጅቱን የመጀመሪያና ሁለተኛ ጽሑፍ አነጻጽሩ። በሁለተኛው ውስጥ የቀረው ምንድን ነው? የተጨመረውስ?
3. «ልጁ አባቱን ሲያገኘው ደስ አለው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በሁለት መንገድ ተርጉሙ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ትርጉም አሻሚ ያልሆነ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።
4. «ይበላሉ» እንደሚለው ሁሉ ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉማቸው የሚለወጥ ሦስት ግሦች ፈልጋችሁ በዐረፍተ ነገር አሳዩ።
5. ከቤታችሁ ዕቃዎች መካከል አንዱን መርጣችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ስሜት የሚገልጹ ቃላትን አትጠቀሙ። ለጓደኛችሁ አስነብባችሁ ሦስት ጥያቄዎች ከተቀበላችሁ በኋላ እንደገና ጻፉት።